ሰባቱ ካፓሲተሮችና የእትዬ ደብሪቱ ቀሚስ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የደሴዋን ላውጋ።

ወይዘሮ ዘነበች የምትባል ጡረታ የወጣች ታይፒስት ነበረች። ከታላቅ እህቷ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የተጣሉት በርስት እንዳይመስላችሁ፤ በአህያ ነው። እናታቸው ታወራላቸው በነበረው ተረት ላይ ዘነበች "አህያዋን ጅብ በላት" ትላለች፤ ደብሪቱ "አምልጣ ቤቷ ገባች" ትላለች። እናትየው ዛሬ በሕይወት የሉም። ተረቱን ግን ዘነበች ያኔ ከአፋቸው እየሰማች በአሮጌው ኮምፒውተሯ ጽፋዋለች። ያቺን አንዲት ገጽ ከፍታ እህቷን አፍ ማስያዝ ነበር ምኞቷ፤ ሌላ የላትም።

ኮምፒውተሩ ግን አልበራ አለ። በመፍቻ ፈታታችው። ቦርዱ ላይ የተጣበቁ፣ ሽንብራ የሚያካክሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ሰባት ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ወጥቶ ዙሪያቸውን አበላሽቶታል። አዲሶቹን ከአዲስ አበባ አስመጣች፤ የመበየጃ ካውያዋን አጋለች፤ ወረንጦዋን ያዘች። የካፓሲተሩን አንድ እግር ስታቀልጥ ሌላው ይረጋል፤ ሌላውን ስታቀልጥ የመጀመሪያው ይረጋል። በግድ እንዳትነቅለው ቦርዱ ይላጣል። ሁለት ካውያ ግራና ቀኝ እኩል መንካት አለበት፤ እሷ ያላት አንድ ነው።

ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ ጋሽ ይመር ሄደች።

"ጋሽ ይመር፣ ካውያዎን ያውሱኝ። ካውያ ካልተገኘ ካፓሲተሩ አይነቀል፤ ካፓሲተሩ ካልተነቀለ ኮምፒውተሩ አይበራ፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ያቺ ገጽ አትነበብ።"

"አውስሽ ነበር እቴ፤ ግን የሰው ሬዲዮ ዘርግፌ ተቀምጫለሁ። ማጉያ መነጽሬን ልብስ ሰፊው ሰይድ ወስዶት ሥራዬ ቆሟል። እሱን አምጪና ሬዲዮዬን ልጨርስ፤ ከዚያ ካውያው ያንቺ ነው።"

ወደ ሰይድ ሄደች።

"ሰይድ፣ የጋሽ ይመርን መነጽር መልስ። መነጽር ካልተመለሰ ካውያ የለ፤ ካውያ ካልተገኘ ካፓሲተሩ አይነቀል፤ ካፓሲተሩ ካልተነቀለ ኮምፒውተሩ አይበራ፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ያቺ ገጽ አትነበብ።"

"በጥቁር ቀሚስ ላይ ጥቁር ጥልፍ ይዤ እኮ ነው፤ ያለ መነጽር አይታየኝም። ቀሚሱ ሳይለካ ደግሞ ጥልፉን የት ላሳርፈው? ባለቤትየዋ ኑ ብላቸው አልመጣም አሉ።"

"ማናቸው?"

ሰይድ አቀረቀረ። "እህትዎ።"

ዘነበች እያመነታች ሁለት ዓመት ያልረገጠችው በር ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ሰይድ ጋ ሂጂ። አንቺ ካልሄድሽ ቀሚሱ አይለካ፤ ቀሚሱ ካልተለካ መነጽር አይመለስ፤ መነጽር ካልተመለሰ ካውያ የለ፤ ካውያ ካልተገኘ ካፓሲተሩ አይነቀል፤ ካፓሲተሩ ካልተነቀለ ኮምፒውተሩ አይበራ፤ ኮምፒውተሩ ካልበራ ያቺ ገጽ አትነበብ።"

ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማቻት።

"ሰይድ ጋ የሚያስኬደው መንገድ በደጅሽ ነው። 'ልክ ነሽ፣ አህያዋ አምልጣለች' ካላልሽኝ በደጅሽ አላልፍም ብዬ ምያለሁ።"

ዘነበች ልክ መሆኗን ለማሳየት መጀመሪያ መሳሳቷን ማመን ሊኖርባት ነው! ወደ በሩ ጠጋ አለች።

"ልክ ነሽ። አምልጣለች።"

ከአፏ ሲወጣ የፈራችውን ያህል አልመረራትም።

ያን ጊዜ ደብሪቱ በደጇ አለፈች፤ ቀሚሱ ተለካ፤ ጥልፉ አለቀ፤ መነጽሩ ተመለሰ፤ ሬዲዮው ተጠገነ፤ ካውያው ተገኘ። ዘነበች ሁለቱን ካውያ ግራና ቀኝ እያስነካች ሰባቱንም ለቀም ለቀም አደረገቻቸው። ቦርዱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ወለወለች፤ የአዲሶቹን የመደመርና የመቀነስ ምልክት በየትኛው በኩል መዞር እንዳለበት ሁለት ሁለቴ እያየች በየደቻቸው። ኮምፒውተሩም እያጉረመረመ በራ።

ደብሪቱ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከኋላዋ ቆማለች። ያለ መነጽር ፊደል አይታያትም፤ መነጽሯን ደግሞ ቤት ረስታዋለች።

"በይ አንብቢልኝ" አለች፣ እጇን እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ።

ገጹ ተከፈተ። መጨረሻው ላይ "ጅቡም አህያዋን በላት" ይላል። ዘነበች ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ግን ሞቃት ነው።

ጮክ ብላ አነበበች፦ "አህያዋም አምልጣ ቤቷ ገባች።"

"አላልኩሽም?" አለች ደብሪቱ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። "በይ ሌላውን ተረት ደግሞ አንብቢልኝ።"

እኔም የሰማሁትን አወጋሁ፣ እዚህ ላይ ዘጋሁ።