አንድ ማንኪያ የጠጠረ ማር

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። ማሩ ከቀፎ በወጣ በወሩ ይጠጥራል። የጎረቤቱ ማር ግን እንደ ዘይት ጠርቶ ይከርማል። ገበያተኛ ደግሞ የጠጠረ ማር ሲያይ «ስኳር አለበት» ማለት ይወዳል። ስለዚህ ሰውየው ገበያ በወጣ ቁጥር፣ የጎረቤቱን ማር የሚያዩትን ሰዎች ሲያይ ይውላል።

ሚስቱ «ምነው አንተ፣ ጎረቤትህ ምን አደረገህ?» ትለዋለች።

«ምንም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።»

አንድ ቀን ጎረቤቱን ሊጠይቅ ሄደ። ጎረቤቱ ጠላ ሊያመጣለት ጓዳ ሲገባ፣ ሰውየው በቅጠል ጠቅልሎ የያዘውን አንድ ማንኪያ የጠጠረ ማር ከግድግዳው ሥር ወዳለው የማር ጋን ጨመረና አማሰለው። ከዚያ ጋኑን ከድኖ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ቤቱን መርቆ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋኑ በሙሉ ጠጠረ። ገበያ ላይ ጎረቤቱን «አንተም ስኳር ጀመርክ?» አሉት። ጎረቤቱ ቢምል ቢገዘት የሚያምነው አጣ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወደ ሰውየው ዞረ። «አንተ ጎረቤቱ ነህ፤ እውነቱን ንገረን። የጠጠረ ማር ሁሉ ስኳር አለበት?»

ሰውየው የጎረቤቱን ጋን አየ። የራሱንም አየ። ሁለቱም ጠጥረዋል።

«ማር በራሱ ጊዜ ይጠጥራል» አለ።

ጎረቤቱ አቀፈው። «ወንድም ማለት አንተ ነህ!» አለው። ሰዎቹም አምነው ገዙ፤ መጀመሪያ ከጎረቤቱ። ሰውየው ፈገግ አለ።

ልጄ፣ «ለጊዜው የጸና ነገር ከጸናው በምን ይለያል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የጎረቤቱ ማር በውስጡ ያለው ውሃ ሊያሟሟ ከሚችለው በላይ ጣፋጭ ነገር ተሸክሞ ነበር። ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ማረፊያው ላይ ደርሶ ሳይሆን፣ መጠጠሩን የሚጀምርበት አንድ የጠጠረ የማር ፍሬ አጥቶ ነው። ፍሬው ሲመጣለት የቀረውን ራሱ ጨረሰው። በጠጠረው ማር ላይ ግን አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ማር ብትጨምሪ አይፈታም፤ እሱ ማረፊያውን አግኝቷል። ሁለቱም ግን ሳይነኩ ሲቀመጡ ያው ጸጥ ያሉ ናቸው፤ በጸጥታቸው አትለያቸውም። የዚያን ሰው ፈገግታ አይተው «ቅናቱ በረደለት» ያሉ ነበሩ። እኔ ብሆን ጎረቤቱ ዘንድሮ ስንት ቀፎ እንደሰቀለ ማንም እንዳይነግረው እመክር ነበር።