ጉቶ ላይ የወጡ ጦጣዎች

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረቱን እናንተ ጨምሩበት።

ጦጣዎች አንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ይኖሩ ነበር። ድርቅ ያባረራቸው ዝንጀሮዎች መጡና «ጅብ ሊበላን ነው፣ አስጠጉን» ብለው ዋርካው ላይ ወጡ። በነጋታው ጦጣዎቹ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ አጠገቡ ወዳለው ሾላ ተሻገሩ።

ሲውል ሲያድር ኩሩዋ እትዬ ጦጢት ከሾላው ላይ ሆና ጮኸች። «ምነው እናንተ! አንድ ዛፍ ላይ ብቻችሁን ታጭቃችሁ! ከሰው አትቀላቀሉም?»

ጋሽ ዝንጀሮ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። «እውነትሽን ነው፣ እትዬ» አለና ግማሹን ቤተሰብ ይዞ ሾላው ላይ ወጣ። ጦጣዎቹ አሁንም ሹልክ አሉ። ሌላ ዛፍ ስላልነበረ አንድ ደረቅ ጉቶ ላይ ተደራርበው ተቀመጡ።

ሲመሽ ጅቡ መጣ። ጉቶዋን አየና ምራቁን ዋጠ። ጦጣዎቹ እየጮኹ ወደ ሾላው ሮጡ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልን!» አለች እትዬ ጦጢት እያለከለከች።

«ግቡ፣ ግቡ! ብቻ አደራ፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻችሁን እንዳትታጨቁ።»

ያን ሌሊት እትዬ ጦጢት በሁለት ወፋፍራም ዝንጀሮዎች መሀል ተሸጉጣ አደረች። ጠዋት «ለካስ ይሞቃሉ!» አለች አሉ።

እኔ ጨርሻለሁ፤ ዳቦዬን ወዲህ በሉ።