ከባሕር ማዶ የመጣ መልስ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በራቀው ቆላ፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጻፍ የተማረች አንዲት አህያ ነበረች። በአካባቢዋ ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። ጉልበተኛው እየተጋፋ ቀድሞ ስለሚጠጣ፣ ጥጆችና ግልገሎች ጉሮሯቸው ደርቆ ይመለሱ ነበር። ይህ የአህያን አንጀት በላው። ስሙ የተጠራ ብቻ እንዲጠጣ ከአራዊቱ ጋር ተስማምታ፣ የውሃ ተራ የሚያድል ፕሮግራም ጻፈች።

ፕሮግራሙ ጅብን ጠራ። ጅብም ጠጣ። ቀጥሎም ጅብን ጠራ። አሁንም ጅብን። አህያ ብትፈታው ብትገጥመው መላው ጠፋት። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋው ጅብ ግን፣ «እመት አህያ፣ ምኑን ትነካኪዋለሽ? እንዲህ ያለ ቅን ፕሮግራም አይቼ አላውቅም» አላት።

የዓለም ፕሮግራመሮች በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚጠያየቁበት መድረክ እንዳለ ሰምታ ነበርና፣ ችግሯን እዚያ ልትጽፍ አሰበች። ይህን ጊዜ ቀበሮ ጠጋ አለ፤ እሱም ፕሮግራመር ነው።

«አለማወቅሽን አደባባይ ልታሰጪው ነው?» አላት። «እኔን እይ። የማላውቀውን ማንም አያውቅብኝም፤ የማውቀውንም ለማንም አልሰጥም።»

አህያ ፈራች። የተጠሙትን ጥጆች ስታይ ግን ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ፣ የጻፈችውን እንዳለ ለጠፈችው፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተችም ጠየቀች።

ቆይታ ብትመለስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ስሟን የማያውቁ፣ መልኳን ያላዩ አራዊት በእሷ ችግር ተጠምደዋል። የበረሃው ግመል ፕሮግራሙን አስኪዶ ሞክሮታል። በረዶ ላይ የሚኖረው ፔንግዊን ከግመሉ ጋር ይከራከራል። በመጨረሻም ከሩቅ ደሴት አንድ ሽማግሌ ኤሊ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ልጄ፣ የጠጣውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ መላክ ረስተሻል። አይዞሽ፣ እኔም በወጣትነቴ እዚሁ ላይ ነው የወደቅሁት።»

አስተካክላ ብታስኬደው አንዲት ትንሽ ግልገል ተጠራች። አህያ ግልገሏ ስትጠጣ ቆማ አየች። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ለካ ከባሕር ማዶ ወገን ነበራት። ከዚያ ወዲያ እሷም ለሚጠይቅ ሁሉ የምታውቀውን ትመልስ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። የአራዊቱ ንጉሥ አያ አንበሳ በሰፊ ግዛቱ ያሉትን ምንጮች ሁሉ የሚያስተዳድርለት ፕሮግራመር ፈለገ። ቀበሮና አህያ ቀረቡ። ምስክር ሲጠየቅ ቀበሮ ከራሱ በቀር የሚጠራው አጣ። የአህያ ሥራ ግን መድረኩ ላይ ለሁሉ የተገለጠ ነበር፤ ያስተማረቻቸውም መሰከሩላት። አንበሳ አሁንም ተጠራጥሮ ለሁለቱም ፈተና ሰጣቸው፤ አንዱ ምንጭ ሲደርቅ ተራው ሳይዛባ ወደ ሌላው ምንጭ እንዲዞር አዘዘ።

ቀበሮ አጎንብሶ ብቻውን ታገለ፤ ያልገባውን ለመጠየቅ አፈረ። አህያ የገባትን ሠራች፤ ያልገባትን እዚያው በአንበሳ ፊት ጠየቀች። መልሱ ከየአህጉሩ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያርማል፤ አንዱ ሲያርም ሌላው ይጨርሳል።

አንበሳ ከዙፋኑ ወርዶ ከአህያ ጀርባ ቆመ። ፕሮግራሟ ተራው ሳይዛባ ወደ ሌላው ምንጭ ሲዞር ተመለከተ።

«እኔ ሳገሳ የሚሰማኝ ይህ ግዛት ብቻ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ በለሆሳስ ጠየቅሽ፤ የዓለም ዳርቻ መለሰልሽ። ምንጮቹን ተረከቢ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የማያውቀውን ሳያፍር የጠየቀና ያወቀውን ሳይሰስት ያካፈለ፣ ብቻውን ቢቀመጥም ብቻውን እንደማይሠራ ነው።