አንጓችና ከውሾች ያስጣለቻት ድመት

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የአይጥ ጉድጓድ ሰባት በር» ብላችሁ መልሱልኝ።

ድሮ፣ እንስሳ ከሰው ጋር ሲነጋገር፣ ዕቃም ምላስ ሳለው፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ሦስት ውሾች አንዲት ድመት ከበው ሲዘነጥሉ አየች። ዱላዋን አንስታ ገባችባቸው።

«ተይን፤ የማንም አይደለችም» አሉ ውሾቹ።

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናት» አለችና በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደቻት።

ቁስሏን በጨው ውሃ አጠበች። ወተት በጣቷ እያስላሰች ከሞት አወጣቻት። በወሩ ድመቷ ድና አይጥ መያዝ ጀመረች።

አይጦች ተሰበሰቡ። «አለቅን!» አለ አንዱ። «እንሰደድ» አለ ሌላው። ጥርሷ የረገፈ አንዲት አሮጊት አይጥ ግን፣ «እሷን እኛ መግደል አንችልም። ያዳነቻት ትግደላት። እናንተ ሴትየዋን ብቻ አናድዱልኝ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን የጤፍ ጆንያዋን ቀደዱ። በሁለተኛው ቀን የሟች ባሏን ጋቢ በሱ። በሦስተኛው ቀን ለዘር ካኖረችው ባቄላ በሉ።

«አንቺ፣ ምን ሠርተሽ ነው የምትበዪው?» ብላ ጮኸችባት አንጓች።

«አንዱን ስይዝ አሥር ይገባል» አለች ድመቷ። «ጉድጓዱን ድፈኚልኝ፤ ትንሽም ታገሺኝ።»

አንጓች አልታገሠችም። ገበያ ወርዳ በቅል መርዝ ገዝታ መጣች። ክዳኑን ስታነሳው መርዙ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ቤትሽ ድመት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው መልሰሽ ክደኚኝ። እኔ ዓይን የለኝም። የበላኝንም፣ የበላኝን የበላውንም አልምርም።»

«እሷ ሥጋ እንጂ ሊጥ አትበላም» አለችና መርዙን ከሊጥ ለውሳ በየጥጉ አኖረችው።

አሮጊቷ አይጥ ልጆቿን ጠራች። «ማናችሁም እንዳትቀምሱ። እኔ እንደሆንኩ ዛሬም ነገም ሟች ነኝ።» አንድ በአንድ አሸተተቻቸውና ከሊጡ በላች። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደች ወጥታ ድመቷ ፊት ቆመች።

የአንጓች ስድብ ከድመቷ ልብ አልወጣም ነበር። «እመቤቴ ትየኝ» ብላ ዘለለች። ያዘቻት፤ በላቻት።

ከቀትር በኋላ አረፋ ደፈቀች። አንጓች ወተት ይዛ ሮጠች፤ የድመቷ ጥርስ ገጥሞ ወተቱ አልገባ አለ።

«ምን በላሽ? ምን በላሽ?»

«አይጥ። ያዢ አላልሽኝም?»

እግሮቿ ተንፈራገጡና ቀጥ አሉ። አንጓች ከጭኗ ላይ ሳታወርዳት ቆየች፤ ገላዋ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በእጇ ታወቃት።

አይጦቹ የቀረውን ዘር ጨረሱት። ክረምት ሲገባ እርሻዋ ጦሙን አደረ፤ አንጓችም ለሰው እየፈጨች መብላት ጀመረች።

ያኔ ድመት ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያዋ ጎረቤት፣ «የፊተኛዋን ምን አደረግሻት?» ብላ በሯን ዘጋችባት። ሁለተኛው፣ «ለአንቺ ከምሰጣት ለውሾች ብሰጣት ይሻላል» አላት። ሦስተኛዋ እማማ ደብሪቱ ግን ምርኩዛቸውን አንስተው፣ «መጀመሪያ ቤትሽን አሳዪኝ» አሉ።

ጥጋጥጉን ሁሉ በምርኩዛቸው እየነኩ ዞሩ።

«ጉድጓዱስ?»

«በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት፣ እማማ።»

«መርዙስ?»

«ከነቅሉ ቀበርኩት። ማንም ከማይደርስበት፣ በጥልቅ።»

«ብትታመምብሽስ፣ ልጄ?»

«ነገ ያልፍላታል ብዬ አልቀመጥም። በዚያው ሰዓት አቅፌያት እርስዎ ጋ እመጣለሁ።»

እማማ ደብሪቱ ከመቀነታቸው ሥር አንዲት ግልገል ድመት አውጥተው መሬት ላይ አኖሯት። ግልገሏ ቤቱን አሸተተችና ቀና አለች።

«እዚህ የሌላ ድመት ሽታ አለ። የት ሄደች?»

አንጓች ውሸት ፈልጋ አጣች። «እኔ ገደልኳት» አለች።

ግልገሏ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተኛች። ዓመት ሙሉ አንጓች ምግቧን አኑራ ዘወር ካላለችላት አልበላችም። አንጓችም ዓመት ሙሉ እያኖረች ዘወር አለችላት።

እኔም የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለልጅ ንገሩ፦ ከውሻ አፍ ማስጣል የአንድ ጀምበር ነው፤ ማኖር የዕድሜ ነው።