ከቦሌ እስከ ጆሃንስበርግ

አንድ ቀን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ለጋብቻ ጥያቄ ወደ አቶ ሎምቤቦ ቤት ሄዱ። አቶ ሎምቤቦ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ብርቅነሽን የፈለጋት ደሳለኝ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው። ልጅቷም ፈቅዳለች። ያስቸገሩት አባትየው ናቸው። ሁለት ጊዜ «እስቲ ላስብበት» ብለው ሽማግሌዎቹን መልሰዋል። ዛሬም እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ኤርጋኖ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቢሆንም ሽማግሌ ቁርጡን ሳይሰማ አይቀመጥምና ከጓደኞቻቸው ጋር ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ሶፋው እዚያው አጠገባቸው ነው፤ ምን ያደርጋል!

«ለመሆኑ ጆሃንስበርግ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?» አሉ መምህሩ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ በከዘራቸው እየነኩ። «ይኸውላችሁ፣ መጀመሪያ ኬንያ አለ። ኬንያን ስትጨርሱ ታንዛኒያ ትገባላችሁ…»

አቶ ኤርጋኖ «ታንዛኒያን እንኳ ቶሎ ያሳልፉን ይሆናል» ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። የት አባቱ! መምህሩ ኪሊማንጃሮ ላይ ወጡና በረዶው ለምን እንደማይቀልጥ ማስረዳት ጀመሩ። ከዚያ ወርደው ዛምቤዚ ወንዝን ከምንጩ ተነስተው እስከ ባሕሩ ተከተሉት። አንደኛው ሽማግሌ እንደ ዶሮ አንዱን እግር አንስቶ ሌላውን ይተካል። ሌላኛው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። አቶ ኤርጋኖማ ጉልበታቸው ሊከዳቸው ምንም አልቀረውም። ከዘራው ሊምፖፖን ተሻግሮ ጆሃንስበርግ ላይ ሲቆም «ተመስገን» አሉ በሆዳቸው።

«አራት ሺህ ኪሎ ሜትር!» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከዚህ ሁሉ አገር ማዶ ልጄን ልስጥ? ስትናፍቀኝ በምን ልድረስባት? እስቲ ንገሩኝ፣ ከቦሌ ተነስቶ ጆሃንስበርግ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች አቶ ኤርጋኖን አዩ።

«ኧረ መምህር፣ እኛ እዚህ የቆምነውን ያህል እንኳ አይፈጅም» አሉ አቶ ኤርጋኖ። «ያውም አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ምሳም ያበላሉ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የብርቅነሽ ሳቅ አመለጠ። መምህሩ ሊቆጡ ቀና ቢሉ፣ ግድግዳውን የተደገፈውን ሽማግሌ አዩና እሳቸውም ሳቃቸው መጣ። ልጃቸው እንደዚህ ስትስቅ ከሰሙም ቆይተዋል።

«በሉ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ ከዘራቸውን አስቀምጠው። «ቁጭ በሉ፤ ምሳም ይመጣል።»

«ቁጭ» ከማለታቸው አቶ ኤርጋኖ ሶፋው ላይ ናቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣

«እፎይ! በሰላም አረፍን» አሉ።