እመት ጃርትና የባቡር ጣቢያው ሆቴል

ተረቴ እየመጣች ነው፤ ጆሮ ስጧት፣ ልብም ስጧት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ እመት ጃርት ከአንዲት ልጇ ጋር በባቡር ጣቢያ ሆቴል ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ትኖር ነበር። ከወጥ ቤቱ የሚጣለውን የድንች ልጣጭ እየበሉ ጠግበው ያድሩ ነበር። በኋላ ባቡሩ ቀረ። ባቡሩ ሲቀር እንግዳው ቀረ፤ እንግዳው ሲቀር ባለቤቱ ሆቴሉን ትቶ ሄደ።

እመት ጃርት ግን፣ «ይመለሳሉ፤ እስኪመለሱ ዕቃቸውን ልጠብቅላቸው» አለች።

አንድ ቀን ባዶው ሆቴል ገብታ የመኝታ ክፍል ቁልፍ ወደ ጉድጓዷ አመጣች።

«እመት ጃርት፣ ያለ በሬ ምን እረባለሁ?» አላት ቁልፉ።

«እንግዳ ሲመጣ ትፈለጋለህ። ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

ማንኪያውን፣ የሳሙና መጠቅለያውን፣ ሻንጣ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁሉ አከታትላ አመጣች።

«እማ፣ እኔ የት ልተኛ?» አለች ልጅቱ።

«ጠጋ በይ» አለች እናት።

ሌላ ቀን የሆቴሉ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ጎትታ መጣች።

«እመት ጃርት፣ ደጅ ካልቆምኩ ማን ያነበኛል?» አላት ሰሌዳው።

«እኔ አነብሃለሁ» አለች። ማንበብ ግን አትችልም ነበር። ወደ ውስጥ አልገባ ቢላት በጉድጓዷ የኋለኛ በር ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ መውጫውን ደፈነው።

ጎረቤቷ አይጠ መጎጥ አይቶ፣ «እመት ጃርት፣ ክረምት ገብቷል። ባለ አንድ በር ጉድጓድ መቃብር ነው» አላት።

«ነገ አነሣዋለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን የእንግዶቹን መዝገብ ልታመጣ ሄደች። ይዛው ስትወጣ ሰማዩ ተቀደደ።

«እመት ጃርት፣ እኔ ላይ የተጻፉት ሁሉ ረስተውሻል። ወደ ልጅሽ ሩጪ!» አላት መዝገቡ።

«ቀለምህ ይለቃል፤ ዝናቡ ያባራ» ብላ በረንዳው ሥር ቆመች።

ሲያባራ ጓሮው ኩሬ ሆኖ ጠበቃት። ጎርፉ በፊተኛው በር ገብቷል፤ የኋለኛው እንደተደፈነ ነው። መዝገቡን ጭቃ ላይ ጣለችው። ሰሌዳውን ገፋች፣ በጥርሷ ቦጨቀች፣ ጣለችው። ውሃው ወጣ፤ ማንኪያው ወጣ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ልጇም ወጣች። አትተነፍስም።

እመት ጃርት እሪ አለች። አይጠ መጎጥ ሮጦ ደረሰ፤ «ነግሬሽ ነበር» አላላትም። አብሯት መሬቱን ማሰ፤ አብሯት አለቀሰ።

ለዚህ ነው አበው፣ የሄደውን የሚሰበስብ፣ ያለው እንዳይበተንበት ያስብ ያሉት።