ደከመኝ የማትለው ብስክሌት

ፊታውራሪ ደምመላሽ ባገሩ የመጀመሪያውን ብስክሌት ገዙና ደጃቸው ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ «ይቺ ገብስ አትበላ፣ ውሃ አትጠጣ፣ ደከመኝ አትል፤ ከእንግዲህ በቅሎም በቅሎ ሳቢም ቀረ» አሉ። በቅሎ ሳቢያቸው እንጀራው መቆረጡ ገባው። የመጨረሻ ሥራው እሑድ ጌታውን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ማጀብ ሆነ።

ፊታውራሪ ሜዳውን እንደ ንፋስ በረሩበት። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ግን ብስክሌቷ አልሄድ አለች። በቅሎ ሳቢው ትከሻው ላይ አወጣት፤ እሳቸውም እያለከለኩ በእግራቸው ተከተሉት። ደጀ ሰላም የቆመው ሰው ሁሉ አፍጥጦ ሲያያቸው ፊታውራሪ አፈሩና፣

«ንገራቸው እንጂ አንተ፤ ይቺ ከበቅሎ አትሻልም?» አሉት።

«ትሻላለች እንጂ ጌታዬ» አለ በቅሎ ሳቢው ላቡን እየጠረገ። «እንዳሉትም ደከመኝ አትልም። ምን ብላ ትደክማለች፣ እኔን እየጋለበች።»